የሕዝብ ደንን ለጎብኚ ክፍት አድርጎ መሬቱን ለመጠበቅ፦ ለጎንደርና ለዙሪያዋ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በጎንደር ከተማ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎችና ተፋሰሶች ላይ የሚገኙት የመንግሥትና የማኅበረሰብ ደኖች በአብዛኛው ከሁለት ውሳኔዎች በአንዱ ሥር ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ «ከንክኪ ነፃ» ተብለው ይዘጋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ማንም ሳይወስንላቸው ክፍት ሆነው ይቀራሉ። በተዘጋው ደን ውስጥ ሰው መግባቱን አያቆምም፤ በማለዳና በምሽት፣ ከጥበቃ ተደብቆ፣ መንገድ በሌለበት አቅጣጫ ይገባል እንጂ። ክፍት ሆኖ በቀረው ደን ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ አዳዲስ ቀጫጭን መንገዶች ይወጣሉ፣ ክረምት በመጣ ቁጥርም ጎርፍ እነዚያን መንገዶች እየተከተለ አፈሩን ይወስዳል።

ለጎንደር ሰው ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ለዓመታት በደለል ሲቸገር የኖረ ሲሆን፣ ደለሉ የሚመጣው ከግድቡ በላይ ካሉ እርሻዎች፣ የግጦሽ መሬቶች፣ የተራቆቱ ተዳፋቶችና መንገዶች ነው። በሌላ በኩል ወጣቱ የሚሮጥበት፣ ቤተሰብ እሑድ ከሰዓት የሚያርፍበት፣ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ የሚቀመጥበት ጥላ ያስፈልጋል። ዛፍ የሚያውቀው ከአጥር ውጭ ሆኖ ብቻ የሆነ ትውልድ ደኑ በሚቆረጥበት ቀን ተከራካሪ አይሆንለትም ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሰው ወደ ደኑ መግባቱን እንደ ጉዳት ብቻ መቁጠር ስሕተት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለቀበሌ አመራሮች፣ ለደን ባለሙያዎች፣ ለወጣት ማኅበራትና በአካባቢያቸው ያለውን ደን በሥርዓት ለመክፈት ለሚያስቡ ኮሚቴዎች ነው። የተመሠረተው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ደንን የሚጎዳው የሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን የሰው እግር የሚያርፍበት ቦታና ወቅት ስለሆነ፣ «ስንት ሰው ይግባ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የት ይርገጥ? መቼስ ይርገጥ?» የሚለው መመለስ አለበት።

1. የደኑን ባለቤትና ፈቃድ ሰጪውን አካል ማረጋገጥ

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደንን ለይቶ ያውቃል። የመጀመሪያው ሥራ ደኑ ከእነዚህ በየትኛው ሥር እንደሚመደብ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው፤ ምክንያቱም በቃል «የቀበሌው ነው» የተባለ ደን ከፊሉ የአርሶ አደር ይዞታ፣ ከፊሉ የደብር፣ ከፊሉም የውሃ አገልግሎት ጥብቅ ክልል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የወረዳው ወይም የከተማው የመሬትና የደን ጽሕፈት ቤቶች የያዙትን ካርታ ወስዶ ከአዋሳኝ ነዋሪዎች ጋር ድንበሩን በእግር መዞር፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያላቸው ገበሬዎችም በቦታው ተገኝተው እንዲስማሙ ማድረግ ያስፈልጋል። በኋላ የሚነሣ የድንበር ክርክር መንገዱንም ምልክቱንም ያስነቅላል።

በደኑ ውስጥ ሕንጻ፣ ሎጅ ወይም የመኪና መንገድ ለመሥራት የሚታሰብ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አቅርቦ ግምገማ ያስፈልገው እንደሆነ ማስወሰን ይገባል። ለእግረኛ መንገድና ለጥቂት መቀመጫዎች ግን ቀለል ያለ ዕቅድና የባለቤቱ የጽሑፍ ስምምነት በአብዛኛው ሥራውን ለመጀመር ያስችላል። አካባቢው የጸጥታ ሥጋት ያለበት ከሆነ ደግሞ ደኑን መክፈት ለሰውም ለደኑም አይበጅም፤ በዚያ ጊዜ ቆጠራውንና የመሬት ጥናቱን ሰላም ባለበት የደኑ ክፍል ብቻ እየሠሩ መቆየት ይሻላል።

2. አሁን ደኑን የሚጠቀመው ማን እንደሆነ መቁጠር

ብዙ ዕቅዶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ዕቅድ አውጪው «ጎብኚ» ሲል የሚታየው በእረፍት ቀን የሚመጣው ሰው ብቻ ነው፤ ከእርሱ በፊት ግን ደኑን በየቀኑ የሚረግጡ ሰዎች አሉ። ጎሕ ሲቀድ ጭራሮ ለቅመውና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርገው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች፣ ከብት የሚነዱ እረኞች፣ ቅዳሜ ገበያ ለመድረስ ደኑን አቋርጠው የሚያልፉ ገበሬዎች፣ ጠበል የሚሄዱ ምእመናን፣ ማለዳ የሚሮጡ ወጣቶች፣ ለፎቶ የሚመጡ ሙሽሮችና አጃቢዎቻቸው ሁሉ በየራሳቸው ሰዓትና በየራሳቸው መንገድ ይገባሉ።

ቆጠራው ቢያንስ አንድ ተራ የሥራ ቀንን፣ አንድ የገበያ ቀንን፣ አንድ እሑድንና አንድ የበዓል ቀንን መሸፈን አለበት፤ ከተቻለም አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት መደገም ይኖርበታል፤ የክረምቱ መንገድ ከበጋው ብዙ ጊዜ ይለያል። በየመግቢያው አንድ ቆጣሪ ከንጋት እስከ ምሽት ተቀምጦ ሰዓቱን፣ የሰዉን ቁጥር፣ የመጣበትንና የሄደበትን አቅጣጫ፣ የያዘውን ነገርና የከብቱን ብዛት ይመዘግባል። ስም አይመዘገብም። ቆጠራው ለክስ እንደማይውል አስቀድሞ በቀበሌ ስብሰባና በእድር በኩል መነገር አለበት፤ ካልተነገረ በቆጠራው ቀን እንጨት ለቃሚዎቹ ይቀራሉ፣ ወረቀቱ ላይም ሩጫና ሽርሽር ብቻ ይቀራል።

ከቆጠራው ጋር ሰዎችን ማነጋገር አስፈላጊ ነው። እንጨት የሚለቅሙትን እናቶች ሴት ጠያቂ ብታነጋግራቸው፣ እረኞቹን ደግሞ የአካባቢው ልጅ ቢያነጋግራቸው የሚገኘው መልስ የተሻለ ይሆናል። ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ የሚሄዱት በየት በኩል ነው? ያንን መንገድ የመረጡት ለምንድን ነው? ያ መንገድ ቢዘጋ በየት ይሄዳሉ? የሦስተኛው መልስ ወደፊት አዲስ አቋራጭ የሚወጣበትን ቦታ አስቀድሞ ይጠቁማል፤ ለዕቅዱ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመውም እርሱ ነው።

3. መሬቱን ማንበብ

መሬቱ በካርታ ብቻ አይነበብም። ከባለሙያውና ከአካባቢው ሽማግሌ ጋር ዝናብ በዘነበ ማግስት ደኑን መዞር ያስፈልጋል፤ ውሃ የተኛበት፣ የሮጠበትና አፈር የቆረጠበት ቦታ ሁሉ ያን ቀን ፊት ለፊት ይታያል።

በመጀመሪያ አፈሩን መለየት ይገባል። ዋልካ አፈር በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሰው ጭቃውን ለመሸሽ ዳር ዳሩን ስለሚሄድ በዋልካ ላይ ያለ መንገድ በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ቀይ አፈር ጭቃው ያነሰ ቢሆንም በተዳፋት ላይ ሣሩ ከተገፈፈ ቶሎ ይቦረቦራል። ድንጋያማው ተረተርና ጠፍጣፋ ዐለት ያለበት ቦታ ብዙ እግር ይችላል፤ ስለዚህ ማረፊያና መመልከቻ ቦታ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታየው እርሱ መሆን አለበት።

ተዳፋትን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በእርከን ሥራ የሚታወቀው ገመድና ውሃ ልክ ይበቃል። ሁለት እኩል እንጨቶች፣ የ10 ሜትር ገመድና በገመዱ መካከል የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይያዛል። ገመዱ ሙሉ በሙሉ አግድም እስኪሆን ድረስ ከላይ በኩል ያለው ጫፍ በእንጨቱ ላይ ዝቅ ይደረጋል፤ የሁለቱ ጫፎች ከመሬት ያላቸው ከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ 3 ሜትር ከሆነ 30 በመቶ ነው። እንጨቱ በማይበቃበት ገደላማ ቦታ የ5 ሜትር ገመድ ተጠቅሞ ልዩነቱን በሁለት ማባዛት ይቻላል።

ቀጥሎ የሚታየው እፅዋቱ ነው። የሀበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና ብሳና ወፍ ዘራሽ ችግኝ የሚያወጡበት ቦታ የደኑ የወደፊት ሕይወት ያለበት ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ቅዳሜና እሑድ ሽርሽር የተቀመጠ ቡድን የዓመታትን እድገት ሊረግጥ ይችላል። ከባሕር ዛፍ ተክል በታች ግን ብዙውን ጊዜ የሚረገጥ ችግኝ አይገኝም። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ጨዋታው፣ ቡናውና ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ዝግጅት ወደ ባሕር ዛፉ ይሂድ፤ ወይራውና ጥዱ ይረፉ። በባሕር ዛፍ ሥር ያለው መሬት የተራቆተ ስለሆነ ተዳፋቱ ዝቅተኛ የሆነውን ክፍል መምረጥ ግን ግዴታ ነው።

ትልልቅ ዛፎችም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የፋሲል መዋኛን ቅጥር አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ያየ ሰው ሥር ምን ያህል ከግንዱ ርቆ እንደሚሄድ ያውቃል። በዛፉ ጥላ ሥር ሰው ሲመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ለሥሩ የሚደርሰው አየርና ውሃም ይቀንሳል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ከዓመታት በኋላ የቅርንጫፍ ጫፎች መድረቅ ሲጀምሩ ነው። በዚህ ምክንያት መቀመጫ በአሮጌ ዋርካ ወይም ወይራ ግንድ ሥር ከሚደረግ ከጥላው ጠርዝ ውጭ ቢደረግ ይመረጣል።

በዚህ ሁሉ መሠረት ደኑ በሦስት ይከፈላል። ምንጮች፣ የወንዝ ዳርቻዎች፣ ከ30 በመቶ በላይ ተዳፋት ያላቸው አፈራማ ቦታዎችና ወፍ ዘራሽ ችግኝ የሚበዛባቸው ክፍሎች ጥብቅ ይሆናሉ። በመንገድ ብቻ የሚታለፉ ክፍሎች በመካከል ይመደባሉ። ተቀምጦ ማረፍና መሰብሰብ የሚቻልባቸው ቦታዎች ደግሞ ጥቂትና ጠንካራ መሬት ያላቸው ሆነው ይመረጣሉ። ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ በተለይ ለማረፊያና ለመጸዳጃ ቦታ ሊታለፍ የማይገባ ልክ ነው።

4. መንገዱን መምረጥና መሥራት

ሥራው ሁሉ የሚለካው በመንገዱ ነው። በእግረኛ ጉዳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ፦ ባልተረገጠ ሣርና ችግኝ ላይ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሰው የሚያስከትለው ተጨማሪ ጉዳት እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ በደንብ በተሠራ መንገድ ላይ የሚሄዱ አምስት መቶ ሰዎች፣ በየአቅጣጫው ከተበተኑ ሃምሳ ሰዎች ያነሰ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። ሰው በሚበዛበት የከተማ ዳር ደን ውስጥ ጎብኚን «እንዳይጨናነቅ» ብሎ መበተን ደግ ሐሳብ ቢመስልም ደኑን ይጎዳል፤ መሰብሰብ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ያሉት መንገዶች አብዛኞቹ የከብትና የአቋራጭ መንገዶች ስለሆኑ ከኮረብታው አናት እስከ ግርጌው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በመንገዱ ላይ እንደ ቦይ ይወርዳል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላም መንገዱ ቦረቦር ይሆናል። ይህን ለማስቀረት ሁለት ልኮች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው፣ የመንገዱ ተዳፋት ከኮረብታው ተዳፋት ግማሽ እንዳይበልጥ ነው፤ ከበለጠ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ ከመውረድ ይልቅ መንገዱን ይከተላል። ሁለተኛው፣ ኮረብታው ምንም ያህል ገደላማ ቢሆን የመንገዱ አማካይ ተዳፋት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ነው። ለምሳሌ ኮረብታው 40 በመቶ ተዳፋት ቢኖረው በመጀመሪያው ልክ መንገዱ እስከ 20 በመቶ ሊሄድ ይችላል፤ ሁለተኛው ልክ ግን በአማካይ ወደ 10 በመቶ ይመልሰዋል። ይህም መንገዱ እርከን እንደሚሠራው ገበሬ ኮረብታውን በአግድም እየታከከ፣ ቀስ እያለ እንዲወጣ ያደርገዋል።

የመንገዱ ስፋት ከ1 ሜትር እስከ 1.20 ሜትር ቢሆን ሁለት ሰው ለመተላለፍ ይበቃል። የመንገዱ ወለል ወደ ቁልቁለቱ በኩል 5 በመቶ ያህል ማዘንበል አለበት፤ በ1 ሜትር ስፋት ላይ ይህ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዓላማውም ውሃው በአንድ ቦታ ሳይሰበሰብ ተበትኖ እንዲወርድ ነው። በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ ደግሞ በየ15 ወይም 20 ሜትሩ መንገዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከዚያ ከፍ የሚልበት የውሃ ማስወጫ ያስፈልጋል። ውሃው የሚወጣበት ቦታ ሣር ወይም ድንጋይ ያለበት መሆን አለበት፤ ባዶ አፈር ላይ የተለቀቀ ውሃ ሌላ ቦረቦር ይከፍታል። መንገዱ ነባር እርከኖችን በሚያቋርጥበት ቦታ የእርከኑን ግንብ ማፍረስ ፈጽሞ አይገባም፤ በድንጋይ ደረጃ መሻገር ይቻላል።

ዋልካን መሻገር ግድ በሚሆንበት ቦታ ጠጠር ብቻ ማፍሰስ አይበቃም፤ ጠጠሩ በአንድ ክረምት በጭቃው ውስጥ ይሰጥማል። ትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን ከሥር አንጥፎ በላዩ ትንንሽ ድንጋይና ጠጠር ማድረግ ይሻላል። ጎንደር የድንጋይ ሥራ እጅ ያላት ከተማ ናት፤ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ የሚነጥፉና ካብ የሚክቡ ባለሙያዎችን በዚህ ሥራ ማሳተፍ መንገዱንም ሙያውንም ያቆያል። ሲሚንቶ በደን መንገድ ላይ አልመክርም፤ ሥሩ ሲታጠብ ይሰነጠቃል፣ ለመጠገንም ያስቸግራል።

አዲሱ መንገድ ሲከፈት አሮጌው አቋራጭ መዘጋት አለበት፤ ይህ ካልተደረገ በአንድ ፈንታ ሁለት መንገድ ተሠርቷል ማለት ነው። ምልክት ብቻውን አይዘጋም። የአቋራጩ መግቢያና መውጫ ከሩቅ እንዳይታይ በአጋም፣ በቀጋና በክትክታ ቅርንጫፍ መሸፈን፣ ቦረቦር ያለበትን በትንንሽ የድንጋይ ክትሮች መከተር፣ በክረምት መግቢያም አጋምና ክትክታ መትከል ያስፈልጋል። ሰው ግን ሁሌም አቋራጭ የሚይዘው ምክንያት ስላለው ነው፤ አዲሱ መንገድ ገበያተኛውን በብዙ የሚያዞረው ከሆነ አጥሩን ደጋግሞ ይጥሰዋል። በሁለተኛው ደረጃ የተሰበሰበው መልስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ የገበያ መንገድ ካለ እርሱን በድንጋይ አጠንክሮ ማቆየት፣ የመዝናኛውን መንገድ ደግሞ ለብቻው መሥራት ይሻላል።

5. ወቅትን መወሰን

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ አፈሩ ውሃ የጠገበበትና ችግኝ የሚተከልበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ የዋልካና የተዳፋት መንገዶች ለመዝናኛ ዝግ መሆን አለባቸው፤ ድንጋያማ የሆኑትና በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፉት ግን ክፍት ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ። ሁሉንም መዝጋት አያስፈልግም። የሚከፈትበትን ቀን በቀን መቁጠሪያ ከመወሰን ይልቅ አፈሩን አይቶ መወሰን ይሻላል፤ የሰው ጫማ በመንገዱ ላይ ከጣት ውፍረት በላይ የሚሰምጥ ከሆነ ገና ነው። ከመስቀል በኋላ ብዙ ሰው ወደ ውጭ መውጣት ስለሚጀምር፣ ከዚያ በፊት መንገዱን ዞሮ ማየትና የተዘጋ የውሃ ማስወጫ ማጽዳት ያስፈልጋል።

የበጋው ሥጋት እሳት ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት፣ በደረቅ ወቅት ሣርና አስታ በያዙት ቦታ ላይ ቃጠሎ ምን ያህል ለመቆጣጠር እንደሚያስቸግር ለሁላችንም አሳይቷል፤ ለማጥፋቱም ከውጭ አገር ጭምር እርዳታ መጥቶ ነበር። ከጥር እስከ ግንቦት በደን ውስጥ ማናቸውም እሳት መከልከል አለበት። ክልከላው የቡና ከሰልን፣ ሲጋራንና በጭስ የሚደረገውን የማር ቆረጣ ያካትታል፤ ማር ቆራጮች ግን ኑሯቸው ስለሆነ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ ከጥበቃው ጋር ቀን ተስማምተው፣ ውሃና ቅጠል ይዘው፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት እንዲቆርጡ መደረግ አለበት። ኅዳር ሲታጠን በደኑ ጠርዝ የሚቃጠለው ቆሻሻም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በዚያ ወቅት ሣሩ መድረቅ ጀምሯል።

ቡና ለሚወዱ ቤተሰቦች በክፍት ማረፊያው ላይ፣ ከሣር በጸዳና ዙሪያው በድንጋይ በተከበበ አንድ ምድጃ ብቻ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት መፍቀድ ይቻላል። ጀበና ያለበት ሽርሽር መቅረት አለበት ብዬ አላስብም፤ አመዱ ውሃ ፈስሶበት በእጅ ተዳስሶ ሳይቀዘቅዝ ከቦታው መነሣት ግን ክልክል ነው።

6. ከደኑ የሚኖሩትን በስምምነት መያዝ

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣውም በ2017 ነው። ለአደጋው ምክንያት ሆነው ከተነሡት መካከል የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ይገኙበታል። የእግር ተጓዡ ድርሻ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ትንሽ ነበር። ለከተማ ዳር ደንም ትምህርቱ ይሠራል፦ በጎብኚው ላይ ብቻ ሕግ አውጥቶ ግጦሹንና ማገዶውን በዝምታ ማለፍ ደኑን አያድንም፤ ጎብኚን አስገብቶ እናቶቹንና እረኞቹን ማባረር ደግሞ ፍትሕ አይደለም፣ ስለማይጸናም አይጠቅምም።

ስለዚህ የመተዳደሪያ ደንብ የሚጻፈው ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ ነው። ደረቅ ጭራሮ መልቀም በሳምንት በተወሰኑ ቀናት፣ ያለ መጥረቢያ፣ በአንድ ሸክም ልክ ሊፈቀድ ይችላል፤ ሆኖም የወደቁ ትልልቅ ግንዶች ለአፈሩና ለነፍሳቱ ስለሚጠቅሙ በቦታቸው ይቀራሉ። ሣሩ ከብት ገብቶ ከሚግጠው በየተራ ታጭዶ ቢወሰድ ችግኙ ይተርፋል፤ ተራውን ማን እንደሚወስድ፣ ስንት ሸክም እንደሚደርሰው፣ አቅመ ደካሞችና አረጋውያን ድርሻቸውን በማን እንደሚያሳጭዱ በደንቡ መጻፍ አለበት። ከብቱ ውሃ ለመጠጣት ደኑን ማቋረጥ ካለበት አንድ መተላለፊያ በግራና በቀኝ ካብ ተክቦለት ይሰጠዋል።

ካብ ብዙ ይሠራል። በደቡብ ጎንደር በሚገኙ አድባራት ዙሪያ የደብሩ አገልጋዮችና ምእመናን ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ከእርሻ በተለቀመ ድንጋይ ካብ ሠርተዋል፤ ከብት መግባት ሲያቆም ችግኝ የመብቀል ዕድል ያገኛል፣ ገበሬውም ከማሳው ድንጋይ ይነሣለታል። የአጸዱ ደን ከተራ የሕዝብ ደን በአንድ ነገር እንደሚለይ ግን መርሳት አይገባም። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ ቁስቋም የሚሄድ ሰው ዛፉ ሥር የሚያርፈው በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚያ ደንብ አውጪው ደብሩ ነው፣ የመዝናኛ ዕቅድም በቅጥሩ ውስጥ አይገባም።

ደንቡ ውስጥ ቅጣት ሲጻፍ መጠኑ ተጠቃሚው ሊከፍለው በሚችለው ልክ ይሁን፣ ለማንም ሳይለይ ይፈጸም፣ ገንዘቡም በደረሰኝ ወደ ደኑ ሒሳብ ይግባ። የማይፈጸም ከባድ ቅጣት ከሚፈጸም ቀላል ቅጣት ያነሰ ነው።

7. ለጎብኚው የሚነገረው

በመግቢያው ላይ የሚለጠፈው ሕግ አጭር መሆን አለበት፤ ምክንያቱን የያዘ ሕግ ደግሞ ያለ ምክንያት ከተጻፈ የበለጠ ይከበራል። «ከመንገዱ አይውጡ፤ ከዳሩ ያለው ትንሽ ቅጠል የወይራ ችግኝ ነው» የሚል ጽሑፍ «መውጣት ክልክል ነው» ከሚለው ይሻላል። ይዘው የገቡትን ሁሉ ይዘው መውጣት፣ ቅርንጫፍ አለመስበር፣ የድምፅ ማጉያ አለማምጣት፣ በባጃጅና በሞተር አለመግባት ይበቃሉ። ቆሻሻን በተመለከተ በደን ውስጥ በርሜል ማስቀመጥን አልደግፍም፤ በርሜሉ ይሞላል፣ ዝንጀሮና ውሻ ይበትኑታል፣ ነፋስም ፌስታሉን ወደ ወንዙ ይወስዳል። ከዚያ ይልቅ ሲገቡ የያዙትን ሃይላንድና ፌስታል ቆጥሮ ሲወጡ ማየት፣ በርሜሉንም መኪና በሚደርስበት መውጫ ላይ ማድረግ ይሻላል።

ከሃያ ሰው በላይ የሚመጣ ቡድን፣ ሠርገኛ ወይም የቀረጻ ባለሙያ አስቀድሞ ቀን ያስይዝ፤ የሚመደብለትም ክፍት ማረፊያው ብቻ ይሁን። የጥበቃ ሠራተኞች ደግሞ ከአካባቢው ወጣቶች ቢመረጡ፣ የዛፎቹን ስምና ጥቅም ቢማሩና ጎብኚን ማስረዳት እንደ ሥራቸው ቢቆጠርላቸው፣ ዱላ ይዞ ከመቆም የተሻለ ውጤት ያመጣሉ። ሠራተኞቹ የሚለዩበት ልብስና ስልክ ሊኖራቸው ይገባል።

ስለ ገንዘብ፦ ለእግረኛው ነዋሪ መግቢያው ነፃ ወይም በጣም ዝቅተኛ ይሁን። ለሠርግ ፎቶ፣ ለቀረጻና ለቡድን ዝግጅት ግን ተገቢ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል። የተሰበሰበው ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለመንገድ ጥገናና ለችግኝ መዋሉን የሚያሳይ ወረቀት በየሦስት ወሩ በመግቢያው ላይ መለጠፍ አለበት።

8. መከታተልና ማስተካከል

የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት አሠራር፣ «ደኑ ስንት ሰው ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ ትተው «ምን ያህል ለውጥ እንቀበላለን?» የሚለውን አስቀደሙ። ለእኛም የሚቀለው እርሱ ነው፤ ሰው መቁጠር አስቸጋሪ ሲሆን የመንገድ ስፋት መለካት ግን ማንም ይችላል።

በመንገዱ ላይ በየ200 ሜትሩ ቋሚ ነጥብ በድንጋይ ይለያል። በእያንዳንዱ ነጥብ የተረገጠው ስፋት በሜትር ይለካል፣ የመንገዱ መካከል ከዳሩ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ጎደጎደ ይመዘገባል፣ በተመሳሳይ አቅጣጫ ፎቶ ይነሣል። በሁለት ነጥቦች መካከል የወጡ አዳዲስ አቋራጮች ይቆጠራሉ። በጥብቁ ክፍል ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ ጥቂት መደቦች ተለይተው በውስጣቸው ያሉ የወይራ፣ የጥድና የዋንዛ ወፍ ዘራሽ ችግኞች ይቆጠራሉ። ይህ ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም መጨረሻና በጋው ሲያልቅ በግንቦት መጨረሻ ይደረጋል። የግቢ ተማሪዎችና የትምህርት ቤት የአካባቢ ክበባት በባለሙያ መሪነት ሊሠሩት ይችላሉ።

ከዚያ በፊት ግን ልኩ መወሰን አለበት፤ ከለኩ በኋላ የሚወሰን ልክ ሁልጊዜ ወደ ተገኘው ውጤት ይጎተታል። ለመነሻ ያህል፦ የተረገጠው ስፋት ከ1.50 ሜትር ካለፈ፣ ጉድጓዱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሁለት በላይ አዲስ አቋራጭ ከወጣ ወይም የችግኙ ቁጥር በሁለት ተከታታይ ዓመታት ከቀነሰ እርምጃ ይወሰዳል።

እርምጃውም ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የሚደረገው ጥገና ነው፦ ውሃ ማስወጫ መጥረግ፣ ድንጋይ መንጠፍ፣ አቋራጭ መዝጋት። ይህ በአንድ ክረምት ካልረዳ የመንገዱ መሥመር ራሱ ተበላሽቷል ማለት ስለሆነ ወደ ጠንካራ መሬት ይዛወራል። ከዚያም ካልተሻለ የቡድን ብዛትና ቀን ይገደባል። መዝጋት የመጨረሻው ነው፤ ሲዘጋም የሚዘጋው ያ የተጎዳ ክፍል ብቻ ሆኖ፣ ምክንያቱና የሚከፈትበት መስፈርት በመግቢያው ላይ ተጽፎ፣ ለገበያተኛውና ለእንጨት ለቃሚዎቹ በሌላ በኩል ማለፊያ ከመዘጋቱ በፊት ተዘጋጅቶላቸው መሆን አለበት።